የእማዬ ቆጥ

የወንድሜ እግር በሳሎኑ ኮርኒስ ብቅ ሲል ጎረቤቶቻችን ቶናውን እየጠጡ ነበር። አንድ እግር፣ ከነካልሲው፣ እስከ ጉልበት። ከቴሌቪዥኑ በላይ ትንሽ ተወዛወዘ። ከኋላው አቧራው፣ የቺፕውዱ ስብርባሪና አንድ የደረቀ የአይጥ ጎጆ ተከታትለው ረከቦቱ ላይ ወረዱ። እማዬ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ቀና ብላ አየችና "ልትወርድ ነው ወይስ ልትመለስ?" አለችው።

ነገሩ የጀመረው ግን ከሳምንት በፊት ነው። ኅዳር እንደገባ እረፍት ወስጄ ከአዲስ አበባ ደሴ መጣሁ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ ደክሞኝ አደርኩና ጠዋት በርበሬ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ቀና ስል የቆጡ ሳንቃ ሆዱ ወደ ታች ጎብጧል። እማዬ ደግሞ በየቀኑ ከሥሩ ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"እማዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ይወድቃል።"

"አባትሽ የሠራው ነው፣ አይወድቅም።"

አባቴ ከሞተ 11 ዓመት ሆነው። ሳንቃው ከዚያም በፊት የነበረ ነው።

ቤታችን ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው፤ የጭቃ ቤት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ኮርኒስ አላቸው፣ ጓዳው ግን የለውም። አባቴ ከጓዳው በላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጣና ጣለ፣ አጣናው ላይ ሳንቃ ደረደረና ቆጥ አደረገው። በመሰላል ይወጣል። ቆጡ ላይ ከወጣህ በኋላ በጎን አጎንብሰህ የሳሎኑ ኮርኒስ ላይ መድረስ ትችላለህ። እናም ዕቃው መጀመሪያ ቆጡን ሞላው፣ ሲሞላ ወደ ኮርኒሱ ተሻገረ። 40 ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር ወጥቶ አንድም ነገር ያልወረደበት ቦታ ነው። ማን ይወርዳል ቢባል የድመታችን ግልገሎች ብቻ ናቸው።

ጊዜው ጥሩ ነበር። ዝናቡ አልፏል፣ በልጉ ገና ነው፣ ፀሐዩ ግቢ ውስጥ ዕቃ ለማስጣት ይመቻል። ደግሞ ኅዳር 12 ደርሷል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲፈጅ ሰዉ ቆሻሻውን እየሰበሰበ ማቃጠልና ማጠን እንደጀመረ ነው የሚነገረው፤ እኛም እስካሁን በኅዳር ሚካኤል ቀን ግቢያችንን ጠርገን ጢሱን እናጨሳለን። እንግዲህ ግቢው በየዓመቱ ሲታጠን ቆጡ ምን በደለ አልኩ። እማዬን ያሳመንኳት በዚህ ነው። ማጽዳት ብላት እምቢ ትል ነበር፤ ማጠን ስላት እሺ አለች።

እዚህ ላይ አያቴን ላንሳ፣ ምክንያቱም የችግሩ ሥር ያለው እሷ ቤት ነው። አያቴ ቤት ቦሩ ሜዳ ነበር፣ የሣር ክዳን። ምድጃው መሐል ላይ ነው፣ ቆጡ ከምድጃው በላይ። ልጅ ሆነን ቆጡ ላይ ስንተኛ ጢሱ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር። የዘር ገብስና ባቄላው በስልቻ፣ ቋንጣው በገመድ፣ የአያቴ ባና በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጣሪያው በጥላሸት ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል። ነቀዝ የለም፣ ብል የለም፣ ምስጥም ወራጁን አይነካም። ቃሉ ወረዳ ብትወርዱም ለዘር የተመረጠውን የማሽላ ራስ ምድጃ ላይ አንጠልጥለው ታያላችሁ። ላስታ በኩል ያሉት ባለ ሁለት ደርብ ክብ የድንጋይ ቤቶችም ላይኛው ክፍላቸው በከንቱ አልተሠራም። ቆጥ ማለት ያኔ ዕቃ መወርወሪያ አልነበረም፤ ጢስ ቤት ነበር።

እኛ ምን አደረግን? ሣሩን በቆርቆሮ ቀየርን፣ ምድጃውን ወደ ውጭ ማድ ቤት አወጣን፣ ቆጡን ግን እንዳለ አስቀጠልነው። ያለ ጢስ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኅዳር ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፣ ቀን ደግሞ ቆርቆሮው እጅ አያስነካም። ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ንጋት ላይ ከሥሩ ያልበዋል። ወደ ላይ ወጥቼ በማለዳ አይቼዋለሁ፣ እንደ ድስት ክዳን ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ፀሐይ ይወጣና ያንኑ እርጥበት ይቀቅለዋል። ይህን በየቀኑ ለ40 ዓመት ካርቶን ላይ፣ ባና ላይ፣ ፎቶ ላይ አስቡት።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ስህተት ሠራሁ። ዩቲዩብ ላይ ያየሁትን ይዤ "ሁሉንም እናውርድና ግቢ ላይ እንዘርጋ" አልኩ። አታድርጉት። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግቢው መርገጫ የለውም፣ ሰማዩ ጠቆር ጠቆር እያለ ነው፣ እማዬ መሐል ላይ ቁጭ ብላ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የለየችበትን መጽሐፍ እያገላበጠች ነው፣ ወንድሜ ደግሞ የአባዬን ራዲዮ ፈትቶ ሊጠግን ተቀምጧል። ሥራው ቆመ። በማግስቱ በሜትር በሜትር ያዝነው፤ ከመሰላሉ ጀምረን ሁለት ክንድ የሚያህል ቦታ እናወርዳለን፣ እንለያለን፣ የሚመለሰው ይመለሳል፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የምንሄደው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ማታ ማታ ግቢው ባዶ ሆኖ ይታደራል።

ሁለተኛው ስህተቴ ያ "አንድ ዓመት ካልነካሽው ጣይው" የሚሉት ሕግ ነው። እሱንም ከዚያው ከዩቲዩብ ነው ያመጣሁት። ለእማዬ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣

"መገነዣዬንስ በዓመት ስንት ጊዜ ልልበሰው?" አለች።

ይህን ካለች በኋላ ሕጉን ደግሜ አላነሳሁትም። ደግሞ ልክ ናት። እኛ ቤት ትልቁ ጋን በአምስት ዓመት አንዴ ነው የሚወርደው፤ ሰርግ ሲኖር ወይ ተዝካር ሲደርስ። ያን ጊዜ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይፈልገዋል። ትልቁ ምጣድ፣ 60 ሰሃኖች፣ የድንኳን ገመድ፣ ሁለት ትልልቅ ድስቶች፣ እነዚህ የእማዬ ብቻ አይደሉም፣ የጎረቤትም ናቸው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። "መቼ ነካሽው?" ትቼ "ይሄ ቢፈለግ የሚፈልገው ማነው?" ማለት ጀመርኩ። ስም ከጠራች ይቀመጣል። "ምናልባት" ካለች ወደ ጎን።

"ምናልባት" የተባለው ክምር ቶሎ አደገ። አንገታቸው የተሰበረ ሦስት ጀበናዎች። ባዶ የአረቄ ጠርሙስ፣ 14። አንድ ጎኑ የተቀደደ የሽቦ አልጋ። የከሰል ካውያ። ፌስታል የተሞላ ፌስታል፣ እሱን እንኳን የእናንተም እናት አላት። የአባዬ የግድግዳ ሰዓት፣ 4 ሰዓት ከ10 ላይ ቆሟል። የእኔ የ5ኛ ክፍል ካርድ ተገኘ፤ አይጥ በልቶታል። ውጤቱን በልቶ፣ የመምህሯን ፊርማ በልቶ፣ "ከክፍሉ 31ኛ" የምትለዋን ብቻ አስቀርቷል። ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ለዘመድ ሁሉ ላከው።

የአያቴ ባና ሲገኝ ግን ማንም አልሳቀም። ከአያቴ ቤት የመጣ ነው፣ የበግ ፀጉር፣ ከባድ፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው። በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ ነበር። እማዬ በሁለት ጫፉ ይዛ ወደ ፀሐይ ስትዘረጋው ብርሃኑ በመቶ ቦታ ሾልኮ ፊቷ ላይ አረፈ። ወንፊት ሆኗል። አራገፈችው፤ ነጭ ነጭ የብል ትል ከአቧራው ጋር ረገፈ። "እናቴ ቤት 30 ዓመት ኖሮ ምንም አልሆነም፣ እኔ ጋ መጥቶ ሞተ" አለች። እኔ ያኔ ነው ስለ ጢሱ ያሰብኩት።

ከባናው ግማሹ ይድናል። ደኅናውን ቆርጣ ለሦስት መቀመጫ የሚሆን አወጣችለት። የሱፍ ነገር ካላችሁ ከዚህ ተማሩ፤ በየዓመቱ አንዴ አውርዳችሁ ፀሐይ ላይ አውሉት፣ በደንብ አራግፉት፣ እጥፋቱንና ስፌቱን በብሩሽ ጥረጉት፤ ብሉ የሚጥለው እዚያ ነው። ከዚያ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አጥብቃችሁ ቋጥሩት። ሳይታጠብ አይቀመጥ፣ ላብና ቅባት ያለበት ልብስ ለብል ሰርግ ነው።

ወደ እግሩ ልመለስ። አራተኛው ቀን ነው። ቆጡን ጨርሰን ኮርኒሱ ጋ ደርሰናል። ወንድሜን አስጠንቅቄዋለሁ፤ ኮርኒስ ሰው አይሸከምም፣ ሞራሌው ላይ ብቻ ነው የሚረገጠው፣ በሞራሌና በሞራሌ መሐል ያለው ቺፕውድ የተያዘው በምስማር ጫፍ ነው። እሱም "አውቃለሁ" አለኝ። ስልኩን ባትሪ አብርቶ በብብቱ ሸጉጧል፣ በሁለት እጁ ደግሞ አንድ ሳጥን እየጎተተ ነው። ሳጥኑ እሺ ሲለው ብብቱ ላላ። ስልኩ ወደቀ። ስልኩን ልያዝ ብሎ ከሞራሌው ወረደ።

ሳሎን የነበሩት ጎረቤታችን ሐጂ ረከቦቱ ላይ የወረደውን ጎጆ እያዩ፣ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ ነው የኖርኩት፤ እንዲህ በዓይኔ አያለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም፣ ወላሂ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ወንድሜም እላይ ሆኖ ይስቃል መሰለኝ፣ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ ስናየው ጭኑ ተልጧል እንጂ ሌላ አልሆነም። ስልኩ ተሰነጠቀ።

ሐጂ ናቸው ዘዴውን የነገሩኝ። ስለ ባናው ሳወራላቸው "ጢሱን ከቤት አስወጥታችሁ ዕቃውን አስቀራችሁ፣ ታዲያ ምን ይጠብቀው?" አሉ። እሳቸው ቤት መሶቡም፣ አገልግሉም፣ የወተት ቅሉም በዓመት ሁለቴ በወይራ ይታጠናል። ኅዳር 12 እኛም አደረግነው። በአሮጌ ምጣድ ላይ ፍም አድርገን የወይራ እንጨት ጣልንበት፣ ሰፌዱን፣ ሌማቱን፣ አገልግሎቹን ተራ በተራ ደፋንበት። ፕላስቲኩንና ፌስታሉን ግን እሳት ውስጥ አልከተትንም። እሱ ጢስ መርዝ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ያን ቀን ጥቁር ጢስ ስታዩ የጀሪካን ጢስ መሆኑን እወቁ።

ጽዳቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም አይነግራችሁም። የአይጥ ኩስ ያለበትን ቦታ በደረቁ እንዳትጠርጉ። ብናኙ ይነሳና ሳንባ ውስጥ ይገባል። አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ እርጩበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ በጨርቅ ሰብስቡት። አፍና አፍንጫ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ። ቆጡ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ከቆጣሪው መብራት አጥፉ። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምለው። ሳሎን ላይ ያለው አምፖል ገመድ ሁለት ቦታ ሽፋኑ ተበልቶ መዳቡ ወጥቶ አገኘነው፤ አጠገቡ የደረቀ ገለባና ካርቶን ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባልን። ለዚህ አንዱ ብቻ እንኳን ሳምንቱ አልቆጨኝም።

ሳንቃውንም አስቀየርን። አናጢው አጣናዎቹን በመዶሻ እያንኳኳ ድምፃቸውን አዳመጠ፤ ሁለቱ ምስጥ በልቷቸው ውስጣቸው ባዶ ሆኗል። አዲስ ሞራሌ ገባ። ከባዱ ነገር ወደ ግድግዳው፣ ቀላሉ ወደ መሐል። እህል እዚያ ላይ እንዳይወጣ ከእማዬ ጋር ተስማማን። 50 ኪሎ ጤፍ ከሰው ራስ በላይ ምን ያደርጋል? ለእህሉ ያ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ተገዛ፤ ሁለት ፕላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ፤ አፉ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ጓዳው መሬት ላይ፣ ከሥሩ ርብራብ ተደርጎለት ተቀመጠ። ፎቶና ካሴት ወደ መኝታ ቤት ወረደ። መድኃኒት፣ የራዲዮ ድንጋይ፣ ላምባ፣ እነዚህም ቆርቆሮ ሥር አይቀመጡም።

የጣሳዎቹ ነገር ቀረ።

ቆጡ ላይ 23 ጣሳና ቆርቆሮ ነበር። የኒዶ፣ የቲማቲም፣ የቀለም፣ የዘይት። እኔ እንደ ቆሻሻ ነው ያየኋቸው። አንዱ የኒዶ ጣሳ ብቻ ይቀመጥ ብዬ ነበር፣ የእሱን ታሪክ አውቃለሁ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እማዬና ወንድሜ በለበሱት ልብስ ነው የወጡት። ከመውጣታቸው በፊት የቤቱን ካርታ፣ የአባዬን የጡረታ ደብተርና የሰርጋቸውን ፎቶ ኒዶ ጣሳ ውስጥ ከትታ፣ ክዳኑን በሻማ አሽጋ ቆጡ ላይ ጥግ አስገባችው። ወንድሜ መሰላሉን በአጥር ወርውሮ ጎረቤት ግቢ ሣር ውስጥ ደበቀው። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ተለቅቃ ሲመለሱ ከታች ሳሎኑ ባዶ ነበር፤ ቴሌቪዥን የለ፣ ፍራሽ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ። ቆጡን ግን ማንም አልነካውም። መሰላል ያልያዘ ሰው ቀና ብሎ ምን ያያል? ካርታው እንዳለ፣ ሻማው እንዳለ።

ይህን እያወቅሁ ሌሎቹን 22 ጣሳዎች ለመሸጥ ወሰንኩ። እሑድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። "ቆራሌው! ቆራሌው!" የሚል ድምፅ በበራችን አለፈ። ጠራሁት። ጣሳውን ሁሉ፣ ጠርሙሱን፣ የሽቦ አልጋውን ጨምሬ ሰጠሁት። ተከራከርን፣ ተስማማን፣ ብሩን ተቀበልኩ፣ ኮራሁም። ካየኋቸው ውስጥ አንዱ አራት ማዕዘን የዘይት ቆርቆሮ ነበር፤ ክዳኑ በቢላ ተቆርጦ ጫፉ እጅ እንዳይቆርጥ በመዶሻ ታጥፏል፤ ጎኑ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ጭላንጭሉ ቀርቷል። አነበብኩት። አይሸጥም፣ አይለወጥም ነው የሚለው። ሳቅሁና ሸጥኩት።

እማዬ ነጠላዋን ሳታወርድ ነው ጓዳ የገባችው። ትንሽ ዝም አለች።

"ጣሳዎቹስ?"

"ለቆራሌው ሰጠኋቸው።"

"የዘይቱንም?"

"እሱንም።"

ተቀመጠች። አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "በሰባ ሰባት በዚያች ነበር የምናጠጣው" አለች። እኔ ይህን አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። በ77 ከየገጠሩ ወደ ደሴ የሚመጣው ሰው መንገድ ዳር ሲወድቅ፣ እሷ የ27 ዓመት ወጣት ነች፣ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ውሃ በእንስራ እየተሸከመች ትሄዳለች። መጠጫው ያች ቆርቆሮ ናት። ከእርዳታ የመጣ ዘይት አልቆ ባዶውን ያገኙት። "ቶሎ ቶሎ እንዳይጠጡ በእሷ ለክተን ነበር የምንሰጣቸው። ብዙ ከጠጡ ይሞታሉ።" ከዚህ በላይ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ተነስታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ወንድሜ በተላጠ ጭኑ እያነከሰ ወጣ። ፒያሳ አጣው፣ ቧንቧ ውሃ አጣው፣ ሮቢት አካባቢ አንድ መጋዘን በር ላይ ጣሳዎቹን በየዓይነቱ ሲለይ አገኘው። ቆራሌው ልጅ ነው፣ ብልህም ነው፤ ወንድሜ እንዳነከሰ ሲያይ ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሁሉንም ጣሳ የሸጥኩበትን ብር አንዷን ለማስመለስ ከፈልን፣ የታክሲውን ሳንቆጥር። ሐጂ ሲሰሙ "እሷማ ሐቋ ነው" አሉ።

የተረፈው ዕቃ አሁን ቆጡ ላይ በመስመር ነው። ስም የሚጽፈው ማን ይሁን ስንባባል እማዬ ማርከሩን ወሰደች። በመሠረተ ትምህርት ፊደሏ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየሳለች፣ በነጭ ፕላስተር ላይ ጻፈች። "የሰርግ"። "የተዝካር"። "የሐጂ ድስት"። አንዱ ላይ "የልጄ" ይላል፤ ከፍቼ ሳየው ለእኔ ሰርግ ብላ ያስቀመጠችው 12 የቡና ስኒ ነው። ስለ እሱ ብዙ አላወራንም። አንዱ ላይ ደግሞ "ምናልባት" ጽፋለች። እሷን ከረጢት ምን እንዳለባት አላውቅም፤ ያን ቀን ማታ ተኝቻለሁ ብላ ከበራፍ ላይ ያነሳቻቸው ነገሮች እንደሆኑ እገምታለሁ፤ ሌሊት መሰላሉ ሲጮህ ሰምቻለሁ።

የዘይቷ ቆርቆሮ ግን ወደ ላይ አልተመለሰችም። ጓዳው በር ላይ ናት፣ በርበሬ ይዛ።

የሳሎኑ ቀዳዳ አልተደፈነም። አናጢው ቺፕውዱን ሊቆርጥ ሁለቴ ቀጠረን፣ ሁለቴ ቀረ፤ እኔም እረፍቴ አለቀና ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ባለፈው ሳምንት በቪዲዮ ስንደዋወል ወንድሜ ስልኩን ወደ ላይ አዞረልኝ። የ2016 ካላንደር በምስማር ተመትቶበታል፣ ጳጉሜን ወደ ታች እያየች። እማዬ ከኋላ ሆና "እንግዳ ሲመጣ ቀና እንዳትሉ በሉ" ትላለች፣ በተሰነጠቀው ስልክ።